እርማት፦ የአረቄ ሱሰኛን ቆልፎ ማስተው

«አረቄ የለመደን ሰው ሦስት ቀን ቆልፉበት፤ ቢንቀጠቀጥም ሰውነቱ እየጠራ ነው» ብለሃል። ወንድሜ፣ ይህ ምክር ሰው ሊገድል ይችላል።

ለዓመታት በየቀኑ የጠጣ ሰው አንጎል አልኮሉ የሚያደነዝዘውን ለማካካስ ራሱን አንቅቶ ይኖራል። መጠጡ በድንገት ሲቋረጥ ያ መነቃቃት ልጓም ያጣል። ከመጨረሻው መለኪያ በኋላ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ያጠምቃል፤ ሲኒው እየተንገጫገጨ ቡናው የሚደፋበት ሰው እዚህ ደረጃ ላይ ነው። በ48 ሰዓት ውስጥ እንደሚጥል በሽታ ሊያንፈራግጠው ይችላል። ከ2ኛው እስከ 4ኛው ቀን ደግሞ ትኩሳት፣ መቃዠት፣ የሌለ ሰው ማየት ይመጣል። ብዙ ቤተሰብ «መንፈስ ነው» ብሎ የሚያስረው ይኼኔ ነው፤ ካልታከመ ሊሞት ይችላል።

በየቀኑ የሚጠጣ፣ በተለይ ከዚህ በፊት ሲያቆም አንፈራግጦት የሚያውቅ ሰው ሐኪም ሳያየው በድንገት አያቁም። ሆስፒታል ስትወስዱት በቀን ስንት መለኪያ እንደሚጠጣና መጨረሻ የጠጣበትን ሰዓት ሳትደብቁ ንገሩ። እዚያ ዲያዜፓም የሚባል የሚያረጋጋ መድኃኒት በክትትል ተሰጥቶ በቀናት ውስጥ ይቀነሳል። ቫይታሚን ቢ1 (ታያሚን) ከግሉኮስ በፊት ወይም አብሮ ይሰጠዋል፤ ይህ ከተዘለለ የማስታወስ ችሎታው ለዘለቄታው ሊጎዳ ይችላል። ዲያዜፓሙን ራሳችሁ ገዝታችሁ አትስጡት፤ ከአረቄ ጋር ሲገናኝ ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል።

ጸበል መውሰዳችሁን አልቃወምም። ግን እነዚህ ቀናት በሕክምና ይለፉ፤ በባዶ ሆድ፣ ያለ መድኃኒት አትውሰዱት።