እርማት፦ ደመወዙን መንግሥት አይከፍልልህም

ወንድሜ፣ «አካል ጉዳተኛ ከቀጠርክ ግማሽ ደመወዙን መንግሥት ይሸፍናል» ያልከው ልክ አይደለም። እዚህ አዳማም ብዙ ነጋዴ እንዲህ ይመስለዋል፤ ብሩ እንደማይመጣ ሲሰማ ቅጥሩንም ይተወዋል። የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የደነገገው አዋጅ ቁጥር 568/2000 የደመወዝ ድጎማ የለበትም። አዋጁ ኃላፊነቱን የጣለው አሠሪው ላይ ነው፦ ቦታውን፣ መሣሪያውንና ሰዓቱን እንዲያመቻች፣ ረዳትም እንዲመድብ። የአካል ጉዳተኛው አመልካች ውጤት ከሌሎች ተወዳዳሪዎች እኩል ወይም ተቀራራቢ ከሆነ ደግሞ ቅድሚያው የእሱ ነው።

«ማመቻቸት» ሲባል ሊፍት ማስገጠም የሚመስለው አለ። እኔ በምሠራበት ማተሚያ ቤት ተሽከርካሪ ወንበር የሚጠቀመው የሒሳብ ሠራተኛችን ጉልበቱ ጠረጴዛው ሥር አልገባ ብሎት ነበር። አናጢ ጠርተን በአራቱም እግሮች ሥር የእንጨት ቁራጭ አስደረግን፤ ከሰዓት በኋላ ደረሰኝ ሲቆርጥ ነበር።