በሦስተኛ ነው በአራተኛ? የአንዲት ኮሮላ ክርክር

ነገሩ የተነሣው ባህር ዳር ውስጥ በአንዲት አሮጌ ኮሮላ ነው። አምስት ማርሽ፣ በእጅ የምትቀየር። ባለቤቷ ቱርቦ አስገጠመላት። የሞተሩንም ኮምፒውተር ነዳጁና እሳቱ (ካንዴላው የሚተኩስበት ሰዓት) ሊስተካከል በሚችል ለወጠው። የቀረው ቱን ማድረግ፣ ነዳጁንና እሳቱን ለሞተሩ ማስተካከል ነው። ለዚያ ደግሞ ሞተሩ ተጨንቆ ሲሠራ ዳታው መመዝገብ (ሎግ መደረግ) አለበት፤ ማለትም ነዳጁን እስከ ወለሉ ረግጦ ዙሩን በደቂቃ ከ2,000 እስከ 6,000 ማውጣት። «በስንተኛ ማርሽ ላውጣው?» ብሎ ጠየቀ።

ሁለት ሰዎች መለሱለት፤ መልሳቸው ግን ተለያየ። አንዱ ዕድሜያቸውን በጋራዥ ያሳለፉ ናቸው፤ አራተኛ ባይ እንበላቸው። ሌላው ከፖሊ የተመረቀ፣ ላፕቶፑ ከእጁ የማይለይ ወጣት ነው። እሱ ሦስተኛ ባይ ነው።

አራተኛ ባይ፦ አራተኛ። ምን ያነጋግራል? ሞተር የሚገድለው ረጅም ሸክም ነው። በሦስተኛ ስታወጣው ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ሳይግል፣ የሚገባው አየር ሳይሞቅ 6,000 ደርሰሃል። ከዚያ «ሎጉ ንጹሕ ነው» ትለኛለህ። ሞተሩ መቼ ተፈተነና! ኖክ፣ ነዳጁ ያለሰዓቱ ሲነድ የሚሰማው ማንኳኳት፣ ሙቀት ሲጠራቀም ነው የሚመጣው። ቱርቦም እስኪነፋ ጊዜ ይፈልጋል። በአራተኛ ዙሩ ቀስ ብሎ ስለሚወጣ ግፊቱ ገና በዝቅተኛ ዙር ይሞላል። ከልኩ የሚያልፍ ግፊት ካለም የምታየው እዚያ ነው። በሦስተኛ ተመዝግቦ «አለቀ» ከተባለ ሞተር ውስጥ የቀለጠ ፒስተን በእጄ አውጥቻለሁ። ሰውዬው ረጅም ዳገት ነበር የወጣበት።

ሦስተኛ ባይ፦ ጋሼ፣ ስለ ሙቀቱ ልክ ነዎት። ግን መንገዱንም እንቁጠረው። የዚህ ካምቢዮ ሦስተኛ ማርሽ 1.31 ነው፣ አራተኛው 0.969፣ ዲፈረንሻሉ 4.06 ገደማ። ጎማው አንዴ ሲዞር 1.87 ሜትር ይሄዳል። በሦስተኛ 6,000 ዙር ማለት በሰዓት 127 ኪሎ ሜትር ነው። በአራተኛ 171!

ጊዜውም እንደዚያው። የአየሩን ግጭት ትተን፣ በሦስተኛ 8 ሰከንድ የፈጀ በአራተኛ ከ14 ሰከንድ በላይ ይፈጃል። በዚያ ጊዜ 460 ሜትር ያህል ተነድቷል። በ2016 የተመረቀው አዲሱ የባህር ዳር የዓባይ ድልድይ እንኳ 380 ሜትር ነው። ከዚያ ደግሞ መቆም አለ። በጥሩ ፍሬንና በደረቅ አስፋልት ከ171 ለመቆም 160 ሜትር ይፈልጋል፤ ከ127 ግን 90 ሜትር አይሞላም።

«ፎገራ ሜዳ ላይ ቀጥ ያለ መንገድ አለ» የሚል አይጠፋም። አለ። ከሩዝ ማሳ ወጥቶ አስፋልቱን የሚያቋርጠው በሬ ግን ሎግ እየተደረገ መሆኑን አያውቅም።

አንድ ነገር ልጨምር። አራተኛ የሚባለው ልማድ የመጣው ከኋላ ጎማ ከሚነዱ መኪኖች ነው። የብዙዎቹ አራተኛ ማርሽ አንድ ለአንድ ነው፤ ኃይሉ በካምቢዮው ቀጥ ብሎ ያልፋል። ስለዚህ ዳይኖ (መኪናው ቆሞ ኃይሉ የሚለካበት ማሽን) ላይም እሱን ይመርጡታል። ኮሮላዋ የፊት ጎማ ነጂ ናት። ቀጥ ብሎ የሚያልፍ ነገር የላትም።

አራተኛ ባይ፦ ማነው 6,000 ድረስ ያለህ? ስሌት ካማረህ እኔም ላስላ። በአራተኛ 4,500 ላይ ስንት ትነዳለህ? 128። አንተ በሦስተኛ 6,000 ላይ 127 ነህ። ፍጥነቱ አንድ ነው! በሬውም አንድ ነው! ታዲያ ለእኔ ብቻ ነው የሚያቋርጠው?

ኖክ የሚወደው ከ2,500 እስከ 4,500 ያለውን ነው፤ ግፊቱ ሞልቶ ዙሩ ገና ዝቅ ያለበትን። እዚያ ውስጥ በአራተኛ ሁለት እጥፍ የሚጠጋ ጊዜ ትቆያለህ። ዳታህም በዚያው ልክ ይበዛል። ደግሞ የነዳጁንና የአየሩን ድብልቅ የሚያነበው የማርሚታው ሴንሰር አለ። ጭሱ ከሲሊንደሩ ወጥቶ ሴንሰሩ እስኪያነበው ጊዜ ያልፋል። ዙሩ ሲሮጥ የ3,000ውን ድብልቅ በ3,200 ላይ ትጽፈዋለህ። ከዚያ ያልሳሳውን (ነዳጅ ያላነሰውን) ታወፍራለህ፣ የሳሳውን ትተዋለህ።

(እውነት ለመናገር ይህ የ4,500 ነገር እኔንም አስደንግጦኛል። ሁሉም «አራተኛ ፈጣን ነው» እያለ የሚከራከረው የት ዙር ላይ እንደሚቆም ሳይናገር ነው።)

ሦስተኛ ባይ፦ የ4,500ውን ተቀበልኩ። አሪፍ ነው። የሴንሰሩን መዘግየት ግን አጋነኑት። በሦስተኛ 8 ሰከንድ ውስጥ 4,000 ዙር ይወጣል፤ በሰከንድ 500 ማለት ነው። መዘግየቱ 0.2 ሰከንድ ቢሆን ስሕተቱ 100 ዙር ነው። ኮምፒውተሩ በየዙሩና በየግፊቱ የሚረጨውን ነዳጅ የሚያነብበት ሰንጠረዥ ሣጥን ደግሞ በየ500 ዙሩ ነው የተከፈለው። ያውም መዘግየቱን ሶፍትዌሩ ላይ ማስተካከል ይቻላል።

የዳታውም ብዛት ማርሹ ላይ ብቻ አይቆምም። በዚያች ርካሽ ብሉቱዝ ማንበቢያ የሚመዘግብ ሰው እውነትም ይቸገራል። መኪናው አሮጌ ሲሆን በሰከንድ 5 ንባብ ካገኘ ዕድለኛ ነው። ዙር፣ ግፊት፣ የአየር ሙቀት፣ የእሳት ሰዓት፣ የመርገጫው ልክ ብሎ አምስት ነገር ከጠየቀ እያንዳንዱ በሰከንድ አንዴ ነው የሚደርሰው። ሙሉው 8 ሰከንድ 8 መስመር! እሱን አራተኛም አያድነውም። ይህች ኮሮላ ግን ኮምፒውተሯ ተቀይሯል። ከራሱ ላይ በኬብል በሰከንድ 20 ጊዜ ቢመዘገብ 160 መስመር በሦስተኛ ይገኛል።

ከ4,500 በላይስ? እርስዎ እዚያ ላይ አቆሙ። ባለቤቱ አያቆምም። በ6,000 ዙር ሞተሩ አንዱን ኡደት የሚጨርሰው በ20 ሚሊሰከንድ ነው። ነዳጁን የሚረጨው ኢንጀክተር ከዚያ ውስጥ 18 ተከፍቶ ከቆየ 90 በመቶ ደርሷል፤ ከዚያ ወዲያ የሚጨምረው ነዳጅ እምብዛም የለም። በ4,500 ግን ያው 18 ሚሊሰከንድ 67 በመቶ ነው። ሎጉን አይተው «ገና ብዙ ይቀረዋል» ይላሉ። 6,000 ላይ ግን ድብልቁ ሳስቷል።

አራተኛ ባይ፦ ይቺ ጥሩ ናት። እሺ፣ ላይኛውን በሦስተኛ። ለምን በሁለተኛ አትለውም ታዲያ? እዚያ 6,000 ላይ 87 ነው የምትነዳው።

ሦስተኛ ባይ፦ በሁለተኛ ከ4 ሰከንድ በታች ያልቃል። ቱርቦው ሳይሞላ። የፊት ጎማውም ይንሸራተታል፤ ያኔ ሎጉ የሚያሳየው ጎማውን ነው። ሸክም ከጎደለ በሦስተኛ ወደ ቤዛዊት ዳገት እንውጣ።

አራተኛ ባይ፦ ቤዛዊት! መታጠፊያ የበዛበት፣ ሐይቁንና ከተማውን ሊያይ የወጣ ሰው የቆመበት። ዳገቱም አንዱ ቦታ ይጠናል፣ አንዱ ቦታ ይላላል። ዛሬ የመዘገብከውን ከነገው ጋር በምን ታስተያየዋለህ? ሸክም የምትፈልግ ዓባይ በረሃ ውረድ። የዚያ ዳገት በ8 ሰከንድ አያልቅም።

ሦስተኛ ባይ፦ ዓባይ በረሃን በአራተኛ ማን ወጥቶት ያውቃል ጋሼ? ሲኖትራኩ ከፊት እያዘገመ! በሁለተኛና በሦስተኛ ነው የሚወጣው። ግን ጥሩ አነሡት። እኛ 1,800 ሜትር ላይ ነን። የአየራችን ግፊት 81 ኪሎፓስካል ገደማ ነው። ቱርቦው 50 ቢጨምርበት 131። በረሃው ታች፣ ድልድዩ ጋ፣ አየሩ ወደ 90 ይጠጋል። በዚያው ጭማሪ 140 ይደርሳል። የሰንጠረዡን የ140 ሣጥን ባህር ዳር ውስጥ በየትኛውም ማርሽ አንነካውም። ስለዚህ እዚያ አካባቢ ያለውን እሳት አስቀድሞ ማዘግየት፣ ነዳጁንም ትንሽ ማወፈር ይሻላል። ሲወርድ ደግሞ ሎገሩን ይዞ ይውረድ።

አራተኛ ባይ፦ እሱን ከእኔ አልሰማኸውም እንዳትል። እኔ ግን ከአራተኛዬ አልወርድም። መጀመሪያ በአራተኛ እስከ 4,500፣ የኖኩ ድምፅ በጆሮ ማዳመጫ እየተሰማ። እሱ ንጹሕ ሳይሆን በሦስተኛ ወደ ላይ መሄድ የለም።

ሦስተኛ ባይ፦ እኔ ቅደም ተከተሉን እገለብጠዋለሁ። መጀመሪያ በሦስተኛ፣ በትንሽ ግፊት፣ ድብልቁ ወፍራም ሆኖ። ሞተሩ ገና ሳይታወቅ ረጅሙን ሸክም አላሸክመውም። ድብልቁ ልክ መሆኑን ካየሁ በኋላ የእርስዎን አራተኛ እሞክራለሁ። ከ128 በላይ ግን አልሄድም፤ የኮሮላዋ ፍሬን ገና አልተሠራም።

አራተኛ ባይ፦ ምን አልክ? ፍሬኑ አልተሠራም? ታዲያ ይህን ሁሉ ምን አከራከረን! በል ቁልፉን ወዲህ በል።