"ሐኪሙን ብጠይቀው ያሳስሩኛል?"

የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። ከእኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የዘጠኝ ዓመት ልጅ አለ። የሚጥል በሽታ አለበት። መጀመሪያ ወንበር ሲወድቅ እንሰማለን፣ ከዚያ የእናቱን ጩኸት። ደረጃውን ሮጬ ስደርስ ብዙ ጊዜ ክብሪት ለኩሳ ጢሱን እያስሸተተችው ነው። ክብሪቱ እንደማይረዳው፣ በጎኑ ማስተኛት እንደሚሻል ነግሬያታለሁ። ትሰማኛለች። ግን ልጇ መሬት ላይ እየተንቀጠቀጠ እጇን አጣጥፋ መቆም አይሆንላትም። ጠበል ወስዳዋለች። ፌኖባርቢታል የሚባለውን ኪኒን ከጀመረ ሦስት ዓመት አልፎታል፤ ቀነሰለት እንጂ አልተወውም።

ባለፈው ወር ቡና እየጠጣን ስልኳን አውጥታ ለሚጥል በሽታ ይረዳል የሚባል ዘይት አሳየችኝ። ድምጿን ዝቅ አድርጋ "ይሄ ዘይት ከጋንጃ ነው የሚሠራው አሉ። ሐኪሙን ብጠይቀው ያሳስሩኛል?" አለችኝ።

በራሷ ቤት፣ በሩ ተዘግቶ፣ በሹክሹክታ ነው የጠየቀችኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲሉን ነው ያደግነው። እሷ ግን በሽታውን አልደበቀችም። ስለ መድኃኒቱ መጠየቅ ነው ያስፈራት።

ያን ማታ ጋንጃ ለሕክምና እንዲፈቀድ ስለታገለው ዴኒስ ፔሮን ሳነብ አመሸሁ። ፔሮን የሳን ፍራንሲስኮ ሰው ነው። ከቬትናም ጦርነት ሲመለስ ማሪዋና፣ ያው ጋንጃ፣ በሻንጣው ይዞ ገባ፣ ከዚያም ለዓመታት ሲሸጥ ኖረ። ይህን እሱም አልደበቀውም። ሕይወቱን የቀየረው ኤድስ ነው። የሕይወት አጋሩ ጆናታን ዌስት ታመመ፤ ማቅለሽለሹን የሚያስታግስለት፣ ትንሽ ምግብ የሚያስቀምሰው ማሪዋናው ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በጥር 1990 ፖሊስ ቤታቸው ገባና ፔሮንን አሰረው። ዌስት ሰውነቱ አልቆ፣ አጥንቱ ብቻ ቀርቶ ፍርድ ቤት ቀረበ። የተያዘው የእኔ ነው፣ ለሕመሜ የምጠቀምበት ነው ብሎ መሰከረ። ፔሮን ነፃ ወጣ። ዌስት ብዙም ሳይቆይ ሞተ።

ይህችን ቦታ ደጋግሜ አነበብኳት። ሊሞት ቀናት የቀሩት ሰው ሕመሙን ይዞ ዳኛ ፊት መቆሙ ነው የከነከነኝ።

ፔሮን ከዚያ በኋላ አላረፈም። የሐኪም ወረቀት ላላቸው ሕሙማን ማሪዋና የሚያቀርብ ክበብ በአደባባይ ከፈተ። በዚያው ከተማ ሜሪ ራትበን የምትባል አሮጊት ማሪዋና የገባበት ኬክ እየጋገረች ለኤድስ ሕሙማን ታድል ነበር፤ ሦስት ጊዜ ተይዛለች፣ መጋገሯን ግን አልተወችም። በ1996 ካሊፎርኒያ ሕዝቡን አስመረጠች። ከ55 በመቶ በላይ የሆነው መራጭ ለሕክምና ይፈቀድ አለ። ከአሜሪካ ግዛቶች የመጀመሪያዋ ናት። ፔሮን በ2018 ሞተ።

በሁሉም ነገር አልስማማውም። እሱ ማንም ሰው የሚጠቀመው ለሕክምና ነው ይል ነበር። እኔ ሰፈሬ ውስጥ ሱስ የጣላቸውን ልጆች በስም አውቃቸዋለሁ፣ አንዳንዶቹን እናቶቻቸው ከበር እስከ አልጋ ተሸክመው ሲያስገቡ አይቻለሁ። ስለዚህ ጋንጃ ይለቀቅ የሚል ሐሳብ የለኝም።

ግን የሕመም ማስታገሻውን ሞርፊን እንይ። የሚወጣው ከኦፒየም ነው። ኦፒየም ይዞ የተገኘ ይታሰራል፣ ሞርፊን ግን ሆስፒታል ውስጥ ተቆልፎ፣ እየተመዘገበ ለካንሰር ሕመምተኛ ይሰጣል። ይህን በማድረጋችን ማንም አገር ጠፋ አላለም። ከካናቢስ፣ ማለትም ከጋንጃው ተክል፣ የሚወጣው ካናቢዲዮል የተባለው ንጥረ ነገር አያሰክርም። በ2018 አሜሪካ ከእሱ የተሠራ መድኃኒት ለሁለት ከባድ የሚጥል በሽታ ዓይነቶች ፈቅዳለች። በ2020 የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፅ ኮሚሽን በ27 ለ25 ድምፅ ካናቢስን እጅግ ጥብቅ ቁጥጥር ከሚደረግባቸው ዕፆች ዝርዝር አወጣው። በአፍሪካም ሌሶቶ ከ2017 ጀምሮ ለሕክምና ማልማት ፈቅዳለች። እኛ ዘንድ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 525 አለ፤ ማምረትም፣ ማዘዋወርም፣ መጠቀምም ያስቀጣል። አንቀጹ ለአዘዋዋሪው ይቆይ። የምጠይቀው፣ በላቦራቶሪ የተሠራ፣ መጠኑ የታወቀ መድኃኒት በነርቭ ሐኪም ማዘዣ እንደ ሞርፊኑ ተቆልፎ የሚገባበት መንገድ እንዲከፈት ነው። ሐኪሞቻችን በግልጽ ይነጋገሩበት። የታማሚ ወላጆችም ይጠየቁ።

ለጎረቤቴ "ጥያቄ አያሳስርም፣ አብሬሽ እሄዳለሁ" አልኳት። ባለፈው ሐሙስ ሦስታችንም ሄድን። ተራችን ሲደርስ ልጁን እቅፏ ውስጥ አድርጋ ጠየቀች። ሐኪሙ ተነስቶ በሩን ዘጋና ተመልሶ ተቀመጠ። ዘይቱ ለየትኛው የበሽታው ዓይነት እንደሚረዳ፣ ኢንተርኔት ላይ የሚሸጠው ምን እንዳለበት እንደማይታወቅ፣ ቢፈልግም እዚህ ሊያዝላት እንደማይችል አስረዳት። ከዚያ የድሮውን ኪኒን መጠኑን ጨምሮ ጻፈላት። ወደ ቤት ስንመለስ ታክሲው ውስጥ ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከክብሪቱ ጋር አስቀመጠችው።