ይድረስ ለክቡር የቢሮ ጽዳት ፍራንቻይዝ ውል

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ክቡር ሆይ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከወገቤ፣ ከጉልበቴና በየወሩ ከሚቆርጡብኝ ዕዳ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ባለቤቴም አክብሮቷን እንዳደርስልዎ ጠይቃኛለች፤ ከእኔ ፊርማ ሥር የእርሷም ስላለ እርስዎን እንደ ባዳ አታይዎትም። ይህን የምጽፍልዎ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ባልዲውና መወልወያው ከመኪናው ገና ሳይወርዱ ነው፤ ስለዚህ ፊደሌ ቢንጋደድ በረኪና ያዞረው ሰው ጽሑፍ ነውና ይቅርታዎን እለምናለሁ።

የተዋወቅነው ከሦስት ዓመት በፊት ነበር። እኔ በዋሺንግተን ዲሲ በአንድ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ትኬት ስቆርጥ የኖርኩ ሰው ነበርኩ፤ የእርስዎ ወኪል ደግሞ ቡና ጋብዞኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ፦ «እስከ መቼ ለሰው ትሠራለህ?» በሀገሬ ልጅ ላይ ከዚህ የበለጠ የሚሠራ ጥያቄ እንደሌለ ማን እንደነገራችሁ እስካሁን ይገርመኛል። እኛ ለሰው መሥራትን እንደ ሕመም፣ ባለቤትነትን እንደ ጸበል የምናይ ሰዎች ነን። በብሮሹርዎ ላይ የታተመው ሰውዬም ክራባት አስሮ ነበር እንጂ መጥረጊያ አልያዘም።

ፍራንቻይዝ ማለት በአንድ ድርጅት ስምና አሠራር የራስን ንግድ የመሥራት መብት መግዛት ነው ተባልኩ፤ ዋጋዎም እንዲህ ተሰልቶ ተነገረኝ፦ 14,000 ዶላር ከከፈልኩ በወር 3,000 ዶላር የሚያወጣ የጽዳት ሥራ ይሰጠኛል፤ ጨምሬ ከከፈልኩ ተጨምሮ ይሰጠኛል። 6,000 ዶላሩን ከደረሰኝ ዕቁብ ከፈልኩ፤ የቀረውን 8,000 እርስዎ ራስዎ አበደሩኝ። ለዚህ ደግነትዎ ያኔ እጅ ነሥቼ አመስግኜዎታለሁ። ሻጩ ራሱ ብድር ሰጥቶ የሚሸጠው ዕቃ ምን ዓይነት ዕቃ እንደሆነ ማሰብ የጀመርኩት ዕቃው ቤቴ ከገባ በኋላ ነው።

ተሸፋፍነው መጡብኝ ብዬ ግን አልዋሽም። የፌዴራሉ የንግድ ኮሚሽን በ1978 አውጥቶ በ2007 ባሻሻለው ደንብ መሠረት (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)፣ ፍራንቻይዝ የሚሸጥ ሁሉ፣ ገዢው ከመፈረሙም ሆነ ገንዘብ ከመክፈሉ ቢያንስ 14 ቀን አስቀድሞ፣ 23 ክፍሎች ያሉትን የመግለጫ ሰነድ ሊሰጠው ይገባል፤ እኔም ተቀብያለሁ፣ መቀበሌንም ፈርሜያለሁ። በሰነዱ ሽፋን ላይ በውስጡ ያለውን መረጃ የትኛውም የመንግሥት አካል እንዳላረጋገጠው በግልጽ ተጽፏል። እኔ ግን የመንግሥት ስም የተጠራበትን ወረቀት ሁሉ ማኅተም እንደተመታበት የምቆጥር ሰው ነኝና፣ አላረጋገጥነውም የሚለውን ቃል እንኳ እንደ ማረጋገጫ አንብቤ ልቤ ረካ። 19ኛው ክፍል ገዢው ምን ያህል ገቢ ሊያገኝ እንደሚችል የሚነገርበት ነው፤ ሕጉ ሻጩን እንዲናገር ስለማያስገድደው እርስዎ ዝምታን መርጠዋል። በዚያ ክፍል ያልጻፉትን ገቢ በቃል መናገርም የተከለከለ ነው፤ ወኪልዎ ግን በቡናው ላይ በቃል አልሰሰተም። 20ኛው ክፍል ደግሞ ባለፉት ሦስት ዓመታት ስንት ሰው እንደገባና ስንት ሰው እንደወጣ በሠንጠረዥ ያስቀምጣል፤ በመጨረሻው ዓመት የወጡትንም ስማቸውንና ስልካቸውን ይዘረዝራል። ከእነዚያ ስልኮች ወደ አንዱ እንኳ አልደወልኩም። ያገለገለች ቶዮታ ስገዛ አራት ሰውና አንድ መካኒክ ያማከርኩ ሰው፣ እርስዎን ስገዛ ማንንም ሳላማክር መግዛቴን ለማንም ባይነግሩብኝ ውለታዎ ነው።

ሥራው ተጀመረ። አንድ የጥርስ ክሊኒክ ጌተርስበርግ፣ አንድ ቢሮ ሎረል ሰጡኝ፤ ሦስተኛው የመኪና መሸጫ ግን ከቤቴ 40 ማይል ያህል ርቆ ፍሬድሪክ ሆነና «ይህ ይርቃል፤ ሌላ ይፈለግልኝ» አልኩ። ያኔ ነው አንድ አንቀጽዎን በትክክል ያነበብኩት። ለካስ እርስዎ ቃል የገቡት ሥራ ለመስጠት ሳይሆን ሥራ ለማቅረብ ኖሯል፤ የቀረበልኝን እምቢ ካልኩም እንደ ተቀበልኩት ይቆጠርና ቃልዎ ይፈጸማል። በቅኔ ቤት ሰምና ወርቅ ሲባል ሰምተው እንደሆነ አላውቅም፤ እርስዎ ግን የሁሉም መምህር ነዎት፣ ወርቁ ተቆፍሮ የሚወጣው ገንዘቡ ከተከፈለ በኋላ ነውና። ፍሬድሪክን ተቀበልኩ።

አሁን ወደ ሂሳቡ ልምጣ፤ ክቡርነትዎ ሂሳብ እንደሚወዱ አውቃለሁ። ከ3,000 ዶላሩ 300 ለሮያሊቲ (በስምዎ ስለምሠራ ለሚከፈለው 10 በመቶ)፣ 150 ለአስተዳደርና ለሂሳብ አሰባሰብ፣ 180 ለኢንሹራንስ፣ 290 ለብድሩ፣ በጠቅላላው 920 ዶላር ገንዘቡ ገና ወደ እኔ ሳይደርስ ይቆረጣል። በቀረው 2,080 ላይ እኔ ደግሞ ለቤንዚን፣ ለሳሙና፣ ለቆሻሻ ከረጢትና ለመወልወያ ጨርቅ 380 አወጣለሁ። 1,700 ይቀራል። እኔና ባለቤቴ፣ የሁለታችን ሰዓት ተደምሮ፣ በወር 154 ሰዓት እንጠርጋለን፤ በመንገድ ላይ ያለፈውን ሰዓት የቆጠርኩ እንደሆነ እንቅልፌን ስለማጣ አልቆጥረውም። ይህ ለአንድ ሰው በሰዓት 11 ዶላር ከ4 ሳንቲም ይሆናል። የሜሪላንድ ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ 15 ዶላር ነው፤ እርሱ ግን ለተቀጣሪ ነው፣ እኔ ደግሞ ባለቤት ነኝ። ባለቤት ስለሆንኩም የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር (የጡረታና የአረጋውያን ሕክምና) ግብሩን 15.3 በመቶ ሙሉውን ራሴ እከፍላለሁ፤ ተቀጣሪ ብሆን ግማሹ በአሠሪዬ ላይ ይወድቅ ነበር። በዓመቱ መጨረሻ ግብር የሚሠራልኝ ሰው ወረቀቱን አይቶ «ድርጅትህ እንዴት ነው?» ብሎ ሲጠይቀኝ፣ ድርጅቴ ቫኪዩሟ መኪና ውስጥ እንዳለች ነገርኩት።

የሚያስደንቀኝ ዋጋውን የወሰነው ሰው እኔ አለመሆኔ ነው። የክሊኒኩን ክፍሎች የቆጠረው፣ ከሥራ አስኪያጇ ጋር የተደራደረው፣ ተወዳዳሪን ለማሸነፍ ዋጋውን ዝቅ ያደረገው የእርስዎ ሰው ነው። ዋጋ ዝቅ ሲል የእርሱ ሮያሊቲ ጥቂት ሳንቲም ይቀንስበታል፤ የእኔ ወለል ግን በአንድ ካሬ ሜትር እንኳ አይጠብም። ሃምበርገር ቤት በፍራንቻይዝ የገዛ ሰው የራሱ ጣጣ አለበት፤ ሆኖም የገንዘብ መሳቢያው በገዛ ሱቁ ውስጥ ነው፣ የበላ ሰውም ሒሳቡን ለእርሱ ከፍሎ ይወጣል። የእኔ ደንበኛ ግን ውሉን የተዋዋለው ከእርስዎ ጋር ነው፣ ገንዘቡንም የሚልከው ለእርስዎ ነው፤ ያልላከ እንደሆነም አስቀድመው ለእኔ የሰጡኝን ከሚቀጥለው ወር ላይ መልሰው ይቆርጡታል። «ላም አለኝ በሰማይ» የሚለው ተረት ለእኔ አይሆንም። የእኔ ላም እዚሁ ምድር ላይ ናት፤ አዛባዋን እጠርጋለሁ፣ አጥባታለሁ፣ አልባታለሁ፤ ወተቱ ብቻ በእርስዎ ደጅ በኩል አድርጎ ይመጣል።

አያቴ ሲሶ አራሽ ነበሩ። ከምርታቸው ከሦስት አንዱን ለባለመሬቱ እየሰጡ ኖረው፣ በእኛ አቆጣጠር በየካቲት 1967 ዓ.ም. አዋጁ ሲታወጅ እልል ካሉት አንዱ እንደነበሩ ሲያወሩ ሰምቻለሁ። እኔ የልጅ ልጃቸው ውቅያኖስ ተሻግሬ ከ3,000 ዶላር 920 አስረክባለሁ፤ ሲሶ ሊሞላ 80 ዶላር ብቻ የጎደለው መሆኑን ያስተዋልኩት አንድ ሌሊት የመኪና መሸጫውን መስታወት ስወለውል ነው። ስለ ሰማንያው ዶላር ቸርነትዎን አመሰግናለሁ። እጅ መንሻውን ግን ከአያቴ ጋር ማወዳደር አልቻልኩም፤ እርሳቸው መሬቱን ለማግኘት ለባለመሬቱ ያቀረቡት አንድ በግና አንድ ማሰሮ ማር ነበር፣ እኔ ያቀረብኩት 14,000 ዶላር ነው። ደግሞም ማንም መጥቶ አያቴን «እርስዎ የመሬቱ ባለቤት ነዎት» ብሎ አላፌዘባቸውም።

በሰባተኛው ወር ክሊኒኩ የ30 ቀን ማስታወቂያ ሰጥቶ ተሰናበተኝ። ምክንያቱ በአንድ ቅርጫት ሥር የተገኘ ጓንት ነው ተባለ። ሥራ ባጣ ሌላ እንደሚተኩልኝ የሚናገር አንቀጽ እንዳለ አስታውሼ ወደ ቢሮዎ ሄድኩ፤ አንቀጹ በእርግጥም አለ፣ ነገር ግን ጥፋቱ የእኔ ከሆነ አይሠራም፣ ጥፋቱ የማን እንደሆነ የሚወስነውም እርስዎ ነዎት። የብድሩ 290 ዶላር ግን ክሊኒኩ ኖረ አልኖረ ቀኑን አይስትም። ሌላ ሥራ ከፈለግሁ ተጨማሪ ክፍያ ከፍዬ መግዛት እንደምችል ጸሐፊዎ በትሕትና አስረዳችኝ።

ቁልፉን ለመመለስ በመጨረሻው ማታ ክሊኒኩ ስደርስ በሩ ላይ አንድ የኤል ሳልቫዶር ሰው ከሚስቱ ጋር ቆሞ አገኘሁ። ባልዲው አዲስ ነበር፤ የዋጋው ወረቀት ገና አልተላጠም። የማንቂያ ደወሉ እንዴት እንደሚጠፋ ጠየቀኝ፤ አሳየሁት። ስንት እንደከፈለ ስጠይቀው ከእኔ አብልጦ ከፍሏል፤ በጌተርስበርግ አንድ ጥሩ የጥርስ ክሊኒክ እንደተገኘለት ደስ ብሎት ነገረኝ። ለክሊኒኩ የተከለሰ ውል፣ ለእርስዎ ሁለተኛ እጅ መንሻ፣ ለእኔና ለእርሱ አንድ ወለል። ክቡር ሆይ፣ ያን ምሽት ልናገረው የሚገባኝን ሁሉ አልተናገርኩትም፤ የሁለተኛው መጸዳጃ ቤት የሳሙና ማስቀመጫ እንደሚያፈስ ብቻ ነግሬው ሄድኩ። ሚስቱ እየሳቀች ነበርና አፌ አልታዘዘኝም።

ከዚያ በኋላ ስለ ቤተሰብዎ ማንበብ ጀመርኩ። በ2010 አንድ ዘመድዎ፣ እንደ እርስዎ የጽዳት ፍራንቻይዝ የሚሸጥ ሌላ ድርጅት፣ ቦስተን ላይ በፌዴራል ዳኛ ዊሊያም ያንግ ፊት ቀርቦ፣ እኔ በጽዳት ሥራ ላይ አይደለሁም፣ ሥራዬ ፍራንቻይዝ መሸጥ ነው ሲል ተከራክሮ ኖሯል። የማሳቹሴትስ ሕግ አንድ ሰው ተቀጣሪ አይደለም ለማለት ከሚጠይቃቸው ነገሮች አንዱ የሚሠራው ሥራ ከአሠሪው የዘወትር ሥራ ውጭ መሆኑን ነውና፣ ክርክሩ ከዚህ ነጥብ ለማምለጥ የቀረበ ነበር። ዳኛው አልተቀበሉትም፤ እንዲያውም ፍራንቻይዝ መሸጥ በራሱ ንግድ ነው የሚለው አባባል፣ አዲስ ከሚገቡት ሰዎች ሰብስቦ ለቀደሙት እንደሚከፍለው የፖንዚ ዘዴ ትንሽ እንደሚመስል ጻፉ። በ2011 የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በዚያው ጉዳይ ሠራተኛ ሥራውን ከአሠሪው በገንዘብ እንዲገዛ ማድረግ እንደማይገባ አስታወቀ። ካሊፎርኒያም ከ2020 መጀመሪያ አንስቶ ተመሳሳይ መመዘኛ በሕግ አጸናች። ይህን ሳነብ ያዘንኩት ለእርስዎ ነው። ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ሥራ፣ መጸዳጃ ቤት ማጠብን፣ የእኔ ሥራ አይደለም ብሎ በዳኛ ፊት መካድ ለአንድ የጽዳት ድርጅት እንዴት ከባድ ነው! የዘመድዎን ክርክር ግን እኔ አምነዋለሁ። እርስዎ ጽዳት አይሸጡም፤ የእርስዎ እውነተኛ ደንበኛ ክሊኒኩ ሳይሆን እኔ ነበርኩ።

እኔ የምኖረው ግን ማሳቹሴትስ ሳይሆን ሜሪላንድ ነው፤ ክርክር ቢነሣም ፍርድ ቤት እንዳልሄድ፣ ከሌሎች ጋር ተባብሬ እንዳልከስ፣ ዋና መሥሪያ ቤትዎ ባለበት ከተማ በግልግል ዳኛ ፊት ብቻዬን እንድቀርብ ፈርሜያለሁ። ድርጅቴን ኤል ኤል ሲ በሚባለው፣ ኃላፊነቱ በተወሰነ ማኅበር መልክ አቋቁሜ ስለነበር ዕዳው ከቤቴ ደጅ አያልፍም ብዬ ነበር፤ ለዚያም የሚሆን የግል ዋስትና ከጀርባ ገጽ ላይ ተያይዞ፣ እኔም ባለቤቴም ፈርመንበት ተገኘ።

ስለዚህ ልሰናበትዎ ወስኛለሁ፤ የመኪና ማቆሚያው ወደ ቀድሞ ቦታዬ ሊመልሰኝ ፈቅዷል። ከመለየታችን በፊት ግን አንድ አንቀጽ አስጨንቆኛልና በጽሑፍ እንዲያብራሩልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። ከእርስዎ ከተለየሁ በኋላ ለሁለት ዓመት በዚህ ክልል ውስጥ በጽዳት ሥራ እንዳልሰማራ ተከልክያለሁ። ባለቤቴ ደግሞ ዘወትር ቅዳሜ ወጥ ቤቱን እኔ እንድወለውል ትጠይቀኛለች፤ ወጥ ቤታችን የሚገኘው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ያውም ከክልሉ መካከል ነው። ለሥራው የምታቀርብልኝ ምሳ እንደ ክፍያ የሚቆጠር እንደሆነ፣ ከእርሱም 10 በመቶው ለእርስዎ የሚገባ እንደሆነ፣ በእንጀራ ይሁን በጥሬ ገንዘብ የሚላክበትን አድራሻ ጨምረው ከመጪው ቅዳሜ በፊት ቢያሳውቁኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
የድርጅቱ ባለቤት፣ ሥራ አስኪያጅና መወልወያ ያዥ