ውዳሴ ስቲከር

ላፕቶፕ መምረጥ የሚያስጨንቃቸው ሰዎች ያሳዝኑኛል። ደብረ ብርሃን መጥተው አንድ ከሰዓት ከኛ ጋር ቢውሉ ይገላገሉ ነበር። እነሱ ስፔክ ያነባሉ፣ ያወዳድራሉ፣ ሲያስቡ ያድራሉ። እኛ አንዲት ጥያቄ አለችን። ከኪቦርዱ ሥር ጥግ ላይ ወደተለጠፈችው፣ የፕሮሰሰሩ (የላፕቶፑ አንጎል) ስም ወደተጻፈባት ስቲከር በጣታችን እንጠቁምና «ኮር አይ ሰቨን ነው?» እንላለን። «ነው» ከተባለ ሒሳብ ይከፈላል።

ይህን ጥበብ በቅጡ ለማድነቅ የኛን ሰው በግ ተራ ማየት ነው። የመንዝ በግ ሊገዛ የመጣ ሰው ጥርሱን ፈልቅቆ ዕድሜውን ያያል። ላቱን በመዳፉ ይመዝናል። ወገቡን ይጫናል። «አይሆንም» ብሎ ይሄድና ዞሮ ይመለሳል። በግ ነዋ! በሁለት ቀን ተበልቶ የሚያልቅ ነገር በጥንቃቄ ነው የሚገዛ። የብዙ በግ ዋጋ የሚያወጣውና ዓመታት የሚቆየው ላፕቶፕ ግን ምኑ ይታያል? ጥርስ የለው!

አለው የሚሉ አሉ። ከአይ ሰቨን ቀጥሎ ያለውን ቁጥር አንብቡ ይላሉ። 6600ዩ የሚል ከሆነ መጀመሪያ ላይ ያለችው 6 ስድስተኛ ጄኔሬሽን (ትውልድ) ማለት ናት። በፈረንጆቹ 2015 የወጣ፣ ኮሩም (ሥራውን የሚሠራው የፕሮሰሰሩ ክፍል) ሁለት ብቻ። 1240ፒ የሚል አይ ፋይቭ ደግሞ አሥራ ሁለተኛ ጄኔሬሽን ነው። በ2022 የወጣ ሲሆን 12 ኮር አለው። አይ ሰቨን የሚባለው ስም ከ2008 ጀምሮ ሲለጠፍ የኖረ ስለሆነ ብቻውን ዕድሜ አይናገርም፤ ስለዚህ አዲሱ አምስት አሮጌውን ሰባት አስከንድቶ ይጥለዋል ይላሉ። እንግዲህ ይህን ያህል መጠራጠር ደግ አይደለም። ሰው ለጥፎ የጻፈውን ማመን ነው።

ጥር ሊገባ ሲል አንድ ሱቅ ውስጥ ቆሜ ጥበቡን በዐይኔ አየሁት። የሰፈራችን ልጅ ነው። እህቱን ሊድሩ ነው፤ ቪዲዮውን ቤቱ ቁጭ ብሎ ራሱ ኤዲት ሊያደርግ አስቧል። ገንዘቡን የያዙት አጎቱ ናቸው።

«ጋሼ፣ ለቪዲዮ ከሆነ ይሄኛው አይ ፋይቭ ይሻልዎታል» አለ ባለሱቁ። «አዲስ ጄኔሬሽን ነው። ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማስታወሻው፣ ራሙም፣ 16 ጊጋ ነው።»

«ያኛውስ?»

«ያኛው አይ ሰቨን ነው። ግን ስድስተኛ ጄኔሬሽን ነው፣ ራሙም 8 ነው። ዩዝድ ነው።»

አጎትየው ባለሱቁን ከእግር እስከ ራሱ አዩት። «ስማ ልጄ፣ ሰባት እያለ አምስት የምታሸክመን ምን በደልንህ?»

ልጁ አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተ። አጎትየው ብሩን መቁጠር ሲጀምሩ መልሶ ዘጋው።

ሰባቱ ቤት ገባ። የሚሰጠው ደስታ ተዘርዝሮ አያልቅም። ቪዲዮው በስልክ የተቀረጸ፣ ፎር ኬ የሚባለው በጣም ጥራት ያለው ምስል ነው። አዳዲስ ስልኮች ቦታ ለመቆጠብ ኤችኢቪሲ በሚባል ዘዴ አጥብቀው ይጠቀልሉታል። የተጠቀለለውን መፍታት ለፕሮሰሰሩ ከባድ ሥራ ነው፤ አዳዲሶቹ ለዚሁ ብቻ የተሠራ ክፍል ውስጣቸው አላቸው። ስድስተኛው ጄኔሬሽን ባለ 8 ቢቱን በደህና ይፈታል። ቀለሙ የረቀቀው 10 ቢት ሲመጣበት ግን በጉልበቱ ይታገላል። ትግሉ ሲታይ ያምራል። ሙሽራዋ ከመኪና ልትወርድ እግሯን ታነሳለች፣ እግሯ አየር ላይ እንዳለ ትቀራለች፣ እልልታው ብቻውን ይቀጥላል፣ ከዚያ ድንገት ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጣ ትገኛለች። በመሀል የሆነውን የሚያውቅ እግዜር ነው። ፋኑ ይጮኻል፣ ሥሩ ይግላል። ለመሆኑ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖር ሰው የሚግል ዕቃ ሲያገኝ ያማርራል እንዴ? ጭን ላይ አስቀምጦ ጋቢ መደረብ ነው።

በነገራችን ላይ ፕሮክሲ የሚባል መላ አለ። ከዋናው ቪዲዮ ቀለል ያለ ቅጂ ይሠራና መቁረጥ መቀጠሉ በሱ ላይ ይሆናል፤ ሬንደር ሲደረግ (ያለቀው ቪዲዮ ሲወጣ) ሶፍትዌሩ ወደ ዋናው ይመለሳል። ነፃው የቪዲዮ ኤዲቲንግ ፕሮግራም ዳቪንቺ ሪዞልቭ ላይ እንኳ አለ። አቅም ያነሰው ላፕቶፕ በዚህ ይተርፋል። ግን አይ ሰቨን የያዘ ሰው ምን ቆርጦት ነው አቅም አነሰኝ የሚለው?

ወደ ማስቀመጫው ስንመጣ ነገሩ ከጥበብ አልፎ እምነት ይሆናል።

ፎር ኬ ቪዲዮ በሴኮንድ 100 ሜጋቢት ከተቀረጸ በሰዓት 45 ጊጋባይት ይበላል። ሁለት ካሜራ እያንዳንዱ ሦስት ሰዓት ቢቀርጽ 270 ጊጋባይት ሆነ ማለት ነው። መልሱና ቅልቅሉ ገና አልተነሳም። ላፕቶፑ ይሞላል። ስለዚህ ባለ 1 ቴራ፣ ማለትም ባለ 1,000 ጊጋ፣ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ (በኬብል የሚሰካ ማስቀመጫ) ይገዛል። ኮምፒውተሩ ላይ ሲሰካ 931 ጊጋ ይላል። እዚህ ላይ የኛ ሰው መርማሪ ይሆናል። «69ኙን ማን በላው?» ብሎ ሱቁ ድረስ ይሄዳል። አምራቹ በ1,000 እየቆጠረ ዊንዶውስ በ1,024 ስለሚቆጥር እንጂ ማንም አልበላበትም። ቢሆንም መመርመሩ ደስ ይላል፤ በዚህ ሁሉ ግዢ ውስጥ የመረመርነው ይህቺን ብቻ ነዋ።

ከዚያ ሁሉም ነገር ወደ ኤክስተርናሉ ይገለበጣል። ላፕቶፑ ላይ ያለው ቦታ ይይዛል ተብሎ ይጠፋል። የልጁ ክርስትና፣ የእህትየዋ ምርቃት፣ የአያት ተዝካር፣ አሁን ደግሞ ሠርጉ፣ ሁሉም አንድ ሣጥን ውስጥ። ልጁን ጠየቅኩት።

«ባክአፕ፣ መጠባበቂያ ቅጂ፣ አለህ?»

«አለኝ። ሃርዱ ላይ ነው።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ምን?»

እምነት ማለት ይህ ነው። ሣጥኑ ውስጥ በደቂቃ 5,400 ጊዜ የሚሽከረከር ሳህን አለ። አንባቢው ጭንቅላት ሳህኑን ሳይነካ፣ ከፀጉር ውፍረት እጅግ በጠበበ ክፍተት ላዩ ላይ ይንሳፈፋል። እኛ እሱን በኬብሉ ከሶፋው ላይ አንጠልጥለን ኤዲት እናደርግበታለን። ሕፃናቱ በኬብሉ ላይ ይዘላሉ። መብራት ሲሄድ ላፕቶፑ፣ ባትሪው የሞተ ዩዝድ ነውና፣ አብሮ ይጠፋል፤ ፋይሉ እየተጻፈ ነበር፣ ይጻፍ አይጻፍ የራሱ ጉዳይ። በማግሥቱ ሃርዱ በጃኬት ኪስ ሆኖ መሐል ሜዳ ከተማ ይሄዳል፤ ዘመዶች ሠርጉን በቲቪ ሊያዩ። እዚያ አንዱ የአጎት ልጅ «ፊልም ልገልብጥበት» ብሎ ይወስደዋል። ሲመልስ ባዶ ነው። «ቲቪው ፎርማት ይደረግ ወይ ሲለኝ እሺ አልኩት» ይላል፣ በፍጹም ቅንነት። አይፈረድበትም። ቲቪው ጠየቀ፣ እሱ መለሰ።

ኬብሉ ስለሚሰካበት ቀዳዳ ብዙ አልልም። ሃርዱ ዩኤስቢ 3 ሆኖ ላፕቶፑ ላይ ሰማያዊዋ ቀዳዳ አጠገቡ እያለች ጥቁሯ አሮጌ ዩኤስቢ 2 ላይ የሚሰካ ሰው ቡና ወዳድ መሆን አለበት። 270 ጊጋባይት በሷ ሲገለበጥ ከሁለት ሰዓት ያልፋል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተጠጥቶ ሁለተኛ ጀበና ይጣዳል። በሰማያዊዋ ይኸው ሃርድ ከሰዓት በታች ይጨርሳል፤ የሚሽከረከር ሳህን የሌለው ኤክስተርናል ኤስኤስዲ ቢሆንማ ቡናው ሳይቆላ ያልቃል። ምን ያስቸኩላል?

ዋናው ጀግና ግን ባለ 2 ቴራው ፍላሽ ነው። ዋጋው ከእውነተኛው ባለ 64 ጊጋ ያነሰ፣ ሆዱ ግን የትየለሌ። ትሕትናው ልዩ ነው። የሰጡትን ሁሉ ይቀበላል፣ ሞላሁ አይልም፣ የፋይሉን ስም ሁሉ ደርድሮ ያሳያል። ውስጡ ያለችው ትንሽ ቺፕ ናት፤ «2 ቴራ ነኝ» ብላ ኮምፒውተሩን እንድትዋሽ ተደርጋለች። ስትሞላ አዲሱን በአሮጌው ላይ ትጽፈዋለች፣ ወይ ዝም ብላ ትጥለዋለች። የምታውቀው ቪዲዮውን ከፍተህ ሙሽራው ሳይመጣ ሲቀር ነው። ኤች ቱ ቴስት ደብሊው የሚባል ነፃ ፕሮግራም ፍላሹን እስከ አፉ ሞልቶ መልሶ በማንበብ ውሸቱን ያወጣበታል። እኛ ግን የሰው ገመና አናወጣም።

እውነተኛ ፍላሽ የገዛውም ቢሆን ሰላም የለው። 6 ጊጋ የሆነውን የሠርግ ቪዲዮ ሲያስገባ «ፋይሉ በዝቷል» ይለዋል። ፍላሹ ባዶ ነው! ፋት 32 በሚባለው የፋይል አያያዝ ዘዴ ፎርማት ስለተደረገ ከ4 ጊጋ የበለጠ አንድ ፋይል አይቀበልም፤ ኤክስፋት በሚባለው ቢደረግ አለቀ። እሱ ግን ፎርማቱን ትቶ ከሻጩ ጋር ይጣላል።

እንዲህ ባለ ጉባኤ መሀል አንዳንድ ከሃዲ አይጠፋም። ደብረ ሲና የምታስተምር የሙሽራዋ ጓደኛ አለች። ላፕቶፗ አይ ፋይቭ ነው። ሰው ፊት ሲከፈት አያፍርም። 16 ራም አለው። የያዘችውን ሥራ ኤስኤስዲ ላይ ትሠራለች፤ ሲያልቅ ሁለት ሃርድ ላይ ትገለብጣለች። አንዱ ቤቷ ቁምሳጥን ውስጥ ነው። ሁለተኛው በጣርማ በር ዋሻ አልፎ ደብረ ብርሃን እህቷ ጋ ይቀመጣል። «ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ዕቃ፣ አንዱ ከቤት ውጭ» ትላለች። ሰፈሩ ሳቀባት። አንድ ሠርግ ስንት ቦታ ይቀመጣል? ልትፋታ ያሰበች ሙሽራ እንኳ ይህን ያህል ማስረጃ አታከማች!

እሷም ሠርጉ ላይ በገዛ ካሜራዋ ቀርጻ ነበር። የነልጁ ሃርድ ከመሐል ሜዳ ባዶውን ሲመለስ ወሬው ደረሳት። ደግ ምክርም ከየቦታው ጎረፈ። አንዱ ፍሪጅ ውስጥ ይደር አለ። አንዱ በስሱ ቢመታ ይነሳል አለ። አጎትየው ግን ቆራጥ ናቸው፤ ስልክ አነሱ።

«እታለም፣ ያንቺ አለ አይደል?»

«አለ ጋሼ። 300 ጊጋ ገደማ ነው። የሚበቃ ማስቀመጫ ይዘው ይምጡ።»

ቅዳሜ ጠዋት በሚኒባስ ወርደው መጡ። ሻይ ቀረበላቸው፣ ሃርዱ ከቁምሳጥን ወጣ። አጎትየው የውስጥ ኪሳቸውን ዳበሱና ከአውራ ጣት የማትበልጥ ፍላሽ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«2 ቴራ ናት» አሉ። «ገና ካርቶኗ አሁን ነው የተከፈተው።»