ማርከራችሁ አይድረቅ

የሕዝብን ሰነድ ከሕዝብ ዓይን የሚጠብቁልንን የሥራ ኃላፊዎች ሳያመሰግኑ ማለፍ ንፉግነት ነው። በቅርቡ ለአንድ መሥሪያ ቤት፣ ጨረታውን ማን በስንት ብር እንዳሸነፈ ይነገረኝ ብዬ በጽሑፍ ጠየቅሁ። ከወራት በኋላ አሥራ አንድ ገጽ መልስ መጣልኝ። ዘጠኙ ከላይ እስከ ታች ጥቁር ነው። በቀሩት ሁለቱ ላይ «ከላይ በተገለጸው መሠረት» የምትል ሐረግና የገጽ ቁጥር ተርፈዋል። ምክንያቱ፦ «የግል መረጃ ጥበቃ»። ያሸነፈው ድርጅት ነው፤ ድርጅት ደግሞ እንደኔና እንደእናንተ ገመና ያለው ሰው መሆኑን ያወቅሁት ያኔ ነው። ዋጋውም ተሸፍኗል። ለካ ገንዘብም ያፍራል!

ስዊድኖች እ.ኤ.አ. በ1766 የመንግሥት ሰነድ ለዜጋ ክፍት ይሁን ብለው ሲደነግጉ ማርከር አልነበራቸውም፤ አይፈረድባቸውም። የአውሮፓ ኅብረት የግል መረጃ ጥበቃ ደንብ ግን እ.ኤ.አ. በ2018 ሥራ ላይ የዋለ ነው፤ እሱም አንቀጽ 86 ላይ የሰውን ገመናና የሕዝብን የማወቅ መብት አስታርቁ ይላል። ምን ማስታረቅ ያስፈልጋል? ቀለም እያለ!

የእኔን መረጃ አያያዝማ አትጠይቁኝ። ማመልከቻው ሙሉ ስም ከነአያት፣ ስልክ፣ የቤት አድራሻ፣ የመታወቂያ ግልባጭ፣ በመጨረሻም «መረጃውን ለምን ፈለጉት?» ይላል። ሁሉን ሞልቼ ስጨርስ ሠራተኛዋ ትልቁን መዝገብ ወደ እኔ አዙራ «እዚህ ጋ ይፈርሙ» አለችኝ። ከእኔ በፊት የፈረሙት ሁሉ ከነስልካቸው፣ ምን እንደጠየቁ ጭምር፣ ቁልጭ ብለው ተሰልፈዋል። አንዱ ስለ ሚስቱ የጡረታ ፋይል ነው የጠየቀው። ማርከሩ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነበር፤ ግን ለትልልቅ ጉዳይ የተቀመጠ ነው።

የሰሜን አየርላንድ ፖሊስ ከኛዎቹ ቢማር ምን ነበር? እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2023 ለአንድ የመረጃ ጥያቄ የኤክሴል ፋይል ሲልክ፣ በተደበቀ ገጽ ወደ 9,500 የሚጠጉ ባልደረቦቹን የቤተሰብ ስም፣ ማዕረግና የሥራ ቦታ አብሮ ላከ። 750,000 ፓውንድ ተቀጣ። የኛዎቹ ወረቀት ላይ ስለሚሠሩ እንዲህ ያለ ስህተት አይነካቸውም፤ መዝገቡን በእጃቸው ነው የሚያዞሩት።

ይግባኝ ልጽፍ ነው። ለማን ብዬ ላድርገው ብዬ ብደውል፣ የኃላፊው ስም የግል መረጃ ነው አሉኝ።