የሁላችንም አያት

በይነመረብ ላይ የሚወጡ የአማርኛ ጽሑፎችን እስከ ግርጌያቸው የሚያነብ ሰው፣ የዘመናችን ታላቅ ደራሲ ጎግል መሆኑን ለመረዳት ብዙ ጊዜ አይፈጅበትም። ስለ ነጭ ሽንኩርት ጥቅም የጻፈው እርሱ ነው፤ ስለ ትዳር የመከረውም እርሱ ነው። «ምንጭ፦ ጎግል» ማለት፣ ወሬውን ማን ነገረህ ተብሎ ሲጠየቅ «ስልኬ» ብሎ እንደ መመለስ መሆኑን ልብ የሚል የለም። ሁለተኛው ስመ ጥር ጸሐፊ «ያልታወቀ ጸሐፊ» ሲሆን፣ እርሱም አብዛኛውን ጊዜ በሕይወት ያለና ስሙ በዋናው ጽሑፍ አናት ላይ በጉልህ የሰፈረ ሰው ነው።

ገልባጭን የሚያጋልጠው ትጋቱ ነው፤ አንዲት ነጠላ ሰረዝ ሳያጓድል ይወስዳልና። አንዱ ስለ ጠላ አጠማመቅ ሲጽፍ «ሴት አያቴ ጌሾውን ራሳቸው ካልወቀጡ እንቅልፍ አይወስዳቸውም ነበር፤ ነፍሳቸውን ይማር» ይላል። ሳምንት ሳይሞላ ያው ጽሑፍ በሌሎች ገጾች፣ በሌሎች ሰዎች ስም ሲወጣ፣ አያትየዋም ከነሙቀጫቸው አብረው ይዞራሉ። የማይተዋወቁ የልጅ ልጆች ከየአቅጣጫው ይበቅሉላቸዋል፤ አንባቢውም በየገጹ «እግዚአብሔር ያጽናህ» እያለ ለአንዲት ሴት ደጋግሞ ለቅሶ ይደርሳል። ከእንግሊዝኛ ወስዶ ምንጩን የሚሸሽግ ደግሞ አለ። የአድዋ ድል የተገኘው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ሆኖ ሳለ፣ እርሱ ያገኘውን ቁጥር ሳይነካ «1896 ዓ.ም.» ብሎ ይለጥፍና ዐፄ ምኒልክን ስምንት ዓመት ሙሉ ጦር ሜዳ ላይ ያቆማቸዋል።

ምንጭ የመጥቀስ ልማድ ስለሌለን ነው እንዳይባል፣ አገራችን የአንድምታ (የቅዱሳት መጻሕፍት ትርጓሜ) መምህራን «ዳዊት እንዲል»፣ «ጳውሎስ እንዲል» እያሉ የቃሉን ባለቤት ሲጠሩ የኖሩባት ናት። የብራና ጸሐፍትም ሥራቸውን ሲፈጽሙ የጸሐፊውንና የአጻፊውን ስም አስፍረው «ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ውጉዘ ይኩን» ይሉ ነበር። የሰረቀውን ብቻ ሳይሆን የፋቀውንም ማውገዛቸው ያለ ነገር አይደለም፤ የባለቤቱን ስም ፍቆ በቦታው የራሱን የሚጽፍ ያኔም አልጠፋማ! ነገር ግን ለዚያ ፋቂ ፍርድ መስጠት ካለብን ድካሙን እናስብለት፤ ብራናው እንዳይቀደድ ተጠንቅቆ፣ ጎንበስ ብሎ ሲፍቅ መዋል ነበረበት። የዛሬው ፋቂ ግን ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ፣ የሌላውን አርማ ከፎቶው ጠርዝ በአውራ ጣቱ ቆርጦ የራሱን ሲለጥፍ ወረፋው እንኳ አይደርስም።

ከውግዘት ይልቅ ሕግ የሚያስፈራው ካለ፣ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከታተመ ሥራ ላይ በልክ መጥቀስን አይከለክልም፤ ምንጩንና የጸሐፊውን ስም ግለጽ ይላል እንጂ። ይህ ግን ለገልባጩ ከባድ ዕዳ ነው፤ ስም ከጠቀሰ «ድንቅ ብዕር!» የሚለውን ምስጋና ማን ሊቀበልለት ነው?

አዋጁን የማያውቀው እንዳይመስላችሁ። የጠላውን ጽሑፍ ከወሰዱት ገጾች አንደኛው ከሥሩ በቀይ ቀለም «ይህን ጽሑፍ ያለ ፈቃዳችን መገልበጥ በሕግ ያስጠይቃል» ብሎ አስጠንቅቋል። ማስጠንቀቂያው የተገለበጠው ከሌላ ገጽ ስለሆነ፣ ፈቃድ መጠየቂያ ሆኖ የተቀመጠው ስልክ ቁጥርም የዚያኛው ገጽ ነው።